የጌም ላፕቶፕ፦ ርካሹ ይገዛ ወይስ ውዱ?



በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና አካባቢ የምትገኘው ዲማ በአገራችን ስሟ የሚነሳው በቅኔ ትምህርቷ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘው ልብ ወለድም ዲማን ከብዙ አንባቢ ጋር አስተዋውቋታል። በዚያ ዘመን ተማሪ ዕውቀት ፍለጋ ሲወጣ የሚያነግበው አኩፋዳ ነበር። ዛሬ ከዲማና ከአካባቢዋ ተነስቶ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ለከፍተኛ ትምህርት የሚሄደው ወጣት ግን ማንገብ የሚፈልገው ላፕቶፕ ነው።

ፍላጎቱ ተገቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና የሚወስዱት በኮምፒዩተር ነው፤ በኮምፒዩተር ያልተለማመደ ተማሪ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀርም። ችግሩ ልጃችን «ላፕቶፕ ግዙልኝ» ብሎ አለማቆሙ ነው። «ጌም የሚችል ይሁን» ሲል ያክልበታል። አባት ይህንኑ ይዘው ሱቅ ሲገቡ ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያገኛሉ። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ባለ 15 ኢንች ናቸው፤ የአንደኛው ዋጋ ግን የሌላውን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ልጅ ውዱን ይመኛል። አባት ርካሹን ያያሉ። እናት ደግሞ «ለመሆኑ ይህ ዕቃ ለትምህርት ነው ወይስ ለጨዋታ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው።

በዚህ ጽሑፋችን የሁለቱን ልዩነት፣ ለደጋው ኑሯችን የሚስማማው የትኛው እንደሆነና ገንዘቡን ከማውጣታችን በፊት ልናጤናቸው የሚገቡ ነጥቦችን እንዳስሳለን።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

የጌም ላፕቶፕን ከተራው የሚለየው ዋናው አካል ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ነው። ሥራው በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ምስል በእያንዳንዱ ሰከንድ ደጋግሞ መሥራት ነው። ተራው ላፕቶፕ ይህን ሥራ ለዋናው ፕሮሰሰር ደርቦ ይሰጠዋል። የጌም ላፕቶፕ ግን ለዚሁ ሥራ ብቻ የተመደበ ካርድ አለው፤ ካርዱም የራሱን ሜሞሪ ይዞ ይመጣል።

ከርካሾቹ ተርታ የሌኖቮ ሎክ፣ የኤችፒ ቪክተስ፣ የኤይሰር ናይትሮና የአሱስ ተፍ ይጠቀሳሉ። ከውዶቹ ተርታ ደግሞ የሌኖቮ ሌጂዮን፣ የአሱስ ሮግ፣ የዴል ኤሊየንዌርና የሬዘር ብሌድ ይገኛሉ። በውጭው ገበያ የመጀመሪያዎቹ ከ700 እስከ 1,000 ዶላር ገደማ ይሸጣሉ። የሁለተኛዎቹ ጠንካራ ሞዴሎች ግን 2,000 ዶላርን ያልፋሉ፤ 4,000 የሚደርሱም አሉ።

ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ለላፕቶፕ ያቀረባቸውን ካርዶች ለምሳሌ እንውሰድ። አር.ቲ.ኤክስ 4050 የ6 ጊጋ ባይት፣ 4060 የ8፣ 4080 የ12፣ 4090 ደግሞ የ16 ጊጋ ባይት ሜሞሪ አላቸው። ርካሾቹ ላፕቶፖች የሚይዙት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። ወጣቶቻችን የሚወዱት የእግር ኳስ ጌም፣ ማለትም ፊፋ ይባል የነበረውና ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍ.ሲ. የተሰኘው፣ በነዚህ በሁለቱም ላይ በሚገባ ይሠራል።

ታዲያ ውዱ ትርፉ ምንድን ነው? ስክሪኑ የበለጠ ብሩህና ቀለሙ የጠራ ነው። አካሉ ብዙውን ጊዜ ከብረት የተሠራ ነው። የማቀዝቀዣ ሥርዓቱ የተሻለ ነው። አዳዲስና ከባድ ጌሞችን በከፍተኛ የምስል ጥራት ያጫውታል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው። ለኛ ቤት ጥቅም መሆን አለመሆናቸው ግን ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው።

ስሙ አንድ፣ ጉልበቱ ለየቅል

ብዙ ገዢ የሚታለልበትን አንድ ነጥብ እዚህ ላይ እናንሳ። በሁለት ላፕቶፖች ላይ «አር.ቲ.ኤክስ 4060» የሚል ተለጥፎ ሳለ አንደኛው ከሌላው በእጅጉ ሊደክም ይችላል። ምክንያቱም ይህ ካርድ እንደ ላፕቶፑ አሠራር ከ35 ዋት እስከ 115 ዋት ኃይል እንዲወስድ ተደርጎ ይገጠማል። በቀጭን አካል ውስጥ ትንሽ ዋት የሚሰጠው 4060፣ በቂ ዋት በሚያገኘው 4050 ሊበለጥ ይችላል። ስለዚህ የካርዱን ስም ብቻ ሳይሆን ዋቱንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ሻጩ የማያውቅ ከሆነ ላፕቶፑን አስከፍቶ በኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ውስጥ የሲስተም መረጃ የሚለውን ገጽ መመልከት ይበቃል። የካርዱ ከፍተኛ ኃይል በዚያ ተጽፎ ይገኛል።

ራም የሚባለው ሜሞሪም እንዲሁ ነው። 8 ጊጋ ባይት ብቻ የያዘ ላፕቶፕ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ለዛሬ ጌምም ሆነ ለምህንድስና ፕሮግራም ግን ያንሳል። 16 ጊጋ ባይት ያለው፣ ወይም በኋላ ለመጨመር ክፍት ቦታ ያለው መሆኑን እናረጋግጥ።

መብራት ሲጠፋስ?

የጌም ላፕቶፕ የሚመረጠው በመብራት ሥር ነው፤ የሚኖረው ግን መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ቤት ውስጥ ነው። ይህን የዲማም ሆነ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ያውቀዋል።

የተራ ላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዋት ነው። የርካሹ የጌም ላፕቶፕ ከ150 እስከ 230 ዋት ይሆናል። የውዱ ደግሞ 330 ዋትና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ቻርጀሩም ራሱን የቻለ ሸክም ነው። መብራት ሲጠፋ በትንሽ ሶላር የሚገለገል ቤተሰብ ተራውን ላፕቶፕ ሊሞላ ይችል ይሆናል፤ ውዱን የጌም ላፕቶፕ ግን አይሞክረውም።

«ውዱ ባትሪው ትልቅ ነው» የሚለውም ክርክር ሩቅ አይወስድም። አየር መንገዶች ከ100 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነን ባትሪ ያለ ልዩ ፈቃድ ስለማያሳፍሩ የላፕቶፕ ባትሪ ትልቁ 99 ዋት-ሰዓት አካባቢ ይቆማል። ጌም ሲጫወት 100 ዋት የሚበላ ላፕቶፕ እንዲህ ያለውን ባትሪ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ላፕቶፑ ባትሪውን ለማዳን ሲል ኃይሉን ራሱ ስለሚቀንስም የከፈልንበትን ፍጥነት ያኔ አናገኘውም። እንግዲህ መብራት በሌለበት ሰዓት ውዱም ርካሹም እኩል ይሆናሉ ማለት ነው።

የኃይል መዋዠቁ ደግሞ ከመጥፋቱ የከፋ ነው። የሄደው መብራት ድንገት ሲመለስ ቻርጀርን፣ አልፎም ማዘርቦርድን ሊያቃጥል ይችላል። ከገበያ በተገዛ ተራ ዲቫይደር ላይ የሩብ ሚሊዮን ብር ዕቃ መሰካት ጥበብ አይደለም። ስታቢላይዘር ሊገዛለት ያልታሰበ ላፕቶፕ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ ገና በጀቱ አልተሟላም።

የደጋ አየርና የደጋ አቧራ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የላፕቶፕ ማራገቢያ የሚያቀዘቅዘው አየር እየገፋ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። ደግነቱ የደጋው ብርድ ይህንን ጉድለት በከፊል ይሞላልናል። ብዙ አምራቾችም ዕቃቸው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ አድርገው ስለሚያዘጋጁት በአካባቢያችን ከፍታ የሚያሰጋ ነገር የለም።

የሚያሰጋው አቧራው ነው። በበጋ ወራት ከመንገድና ከአውድማ የሚነሳው አቧራ በማራገቢያው ውስጥ ተከማችቶ መተንፈሻውን ይደፍናል። በአልጋ ላይ፣ በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ላይ አስቀምጦ መጫወትም ላፕቶፑን እንደ ማፈን ይቆጠራል። ጠንካራ ጠረጴዛና በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ እጅ መጽዳት ዕድሜውን ያረዝሙለታል።

የዶላሩ ነገር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያም ከ130 ብር አልፎ ነበር። እርግጥ ነጋዴው ቀድሞም ሁልጊዜ ዶላሩን በባንክ ዋጋ ያገኝ ነበር ማለት አይደለም። ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው።

ሂሳቡን በ130 ብር እናስላው። የ800 ዶላሩ ላፕቶፕ 104,000 ብር ይሆናል፤ የ2,500 ዶላሩ ደግሞ 325,000 ብር። ይህ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ሳይታሰብ ነው። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያገኘው 11,500 ብር ሆኗል። ርካሹ ላፕቶፕ የዚህን ሠራተኛ የ9 ወር ደመወዝ፣ ውዱ ደግሞ ከ2 ዓመት በላይ የሚያገኘውን ሙሉ ደመወዝ ይበላል ማለት ነው፤ ያውም ግብር ሳይቀነስ፣ ሳይበላና ሳይጠጣ። በሬ ሸጦ ወይም የዓመቱን የጤፍ ምርት ገበያ አውጥቶ ለሚገዛ ቤተሰብ ደግሞ ሚዛኑ ከዚህም ይከብዳል።

«ውድ ቢሆንም ለብዙ ዓመት ያገለግላል» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። በጌም ዓለም ይህ እምብዛም አይሠራም። በ2019 እ.ኤ.አ. ለላፕቶፕ የወጣው አር.ቲ.ኤክስ 2080 የውዶቹ ዕቃ ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ በርካሾቹ ውስጥ የተገጠመው 4060 በቂ ዋት ሲያገኝ ይስተካከለዋል፣ ይበልጠዋልም። እንግዲህ ዛሬ ርካሹን ገዝቶ ከዓመታት በኋላ ሌላ ርካሽ መግዛት፣ አንዱን ውድ ይዞ ከማርጀት ሊሻል ይችላል።

ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በመካከሉም የዓባይ በረሃ አለ። መለዋወጫው በቅርብ የማይገኝለት ላፕቶፕ ሲበላሽ ይህን መንገድ መሄድ ይኖርበታል፤ ተማሪውም ያለ መሣሪያ ሳምንታት ይቀመጣል። በብዛት የሚሸጥ ሞዴል ኪቦርዱም፣ ባትሪውም፣ ቻርጀሩም ይገኛል፤ ጠጋኙም እጁ ለምዶታል። ከውዶቹ አንዳንዶቹ ግን አካላቸው እንዲቀጥን ሲባል ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ መጨመርም መለወጥም አይቻልም።

በዐረብ አገር ወይም በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ የሚልከው ላፕቶፕም አለ። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል መሆኑ ተጽፎበት እንደሆነ ከታየ ቀሪው የሶኬት አስማሚ ብቻ ነው። ነገር ግን የውጭ አገር ዋስትና ብዙውን ጊዜ እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ዘመዳችን ከመግዛቱ በፊት ሞዴሉን አማክሮን ቢገዛ ይመረጣል።

ያገለገለ ላፕቶፕ መግዛትም ነውር የለበትም። ሆኖም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር የኢንቴል ፕሮሰሰሩ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ መሆን አለበት። ከመክፈላችን በፊት ጌም ከፍተን ግማሽ ሰዓት ያህል እናስጫውተው። እየጋለ ሄዶ የሚጠፋ፣ የሚንተባተብ ወይም ማራገቢያው የሚንጫጫ ከሆነ እንተወው።

ኢንተርኔቱን አንርሳ

አንድ ዘመናዊ ጌም 100 ጊጋ ባይት የሚሆን ቦታ ሊይዝ ይችላል። 512 ጊጋ ባይት ማከማቻ ያለው ላፕቶፕ እንዲህ ያሉ ጌሞችን አራት ያህል ከያዘ የትምህርት ፋይል ማስቀመጫው ይጠባል። ያን ያህል ፋይል በሞባይል ዳታ ማውረድም የሚያስከፍለው ቀላል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ እናስታውሳለን። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ጌም በእንዲህ ያለ ጊዜ በውዱም በርካሹም ላፕቶፕ ላይ አንድ ነው፤ አይሠራም። ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ የትምህርት ፕሮግራሞችን አስቀድሞ መጫን ግን ሁልጊዜ ይጠቅማል።

ለማን የትኛው?

ሕግ፣ ሂሳብ አያያዝ ወይም ቋንቋ ለሚያጠና ተማሪ ትምህርቱ የጌም ላፕቶፕ አይጠይቅም፤ ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚወጣው ገንዘብ የጨዋታ ገንዘብ መሆኑን ቤተሰቡ በግልጽ ይወቀው። አርክቴክቸር፣ ምህንድስና ወይም የኮምፒዩተር ትምህርት የሚያጠና ግን ከግራፊክስ ካርዱ እውነተኛ ጥቅም ያገኛል። ለእሱ 4050 ወይም 4060፣ 16 ጊጋ ባይት ራምና ከተቻለ የ1,000 ጊጋ ባይት ማከማቻ ያለው ርካሹ ወይም መካከለኛው በቂ ነው። ውዱ የሚገባው በቪዲዮ ቅንብር፣ በአኒሜሽን ወይም በመሰል ሙያ ተቀጥሮ ወይም ነግዶ ወጪውን ለሚመልስ፣ የሚሠራበትም ቦታ አስተማማኝ መብራት ላለው ሰው ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ላፕቶፑ ልክ ለሸማኔ እንደ ዕቃው ነውና ገንዘቡ አልባከነም።

በሁለቱ መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት ጥቂቱ ስታቢላይዘር፣ ተጨማሪ ራምና ፋይል የሚቀመጥበት ውጫዊ ዲስክ ይገዛል። የቀረው ለቤት ኪራይ፣ ለመጽሐፍ፣ ለታናሽ እህት ትምህርትም ይተርፋል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

እጅ ሲያጥር ብድር ይታሰባል። ከወለድ ለመራቅ ለሚፈልግ ቤተሰብ ዛሬ አማራጭ አለ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው ባንክ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሎታል። ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት ከፍተዋል። ሙራበሃ በሚባለው አሠራር ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው በክፍያ ጊዜ ይሸጥለታል። ለላፕቶፕ ይፈቀድ እንደሆነና ምን መያዣ እንደሚጠየቅ በቅርብ ያለውን ቅርንጫፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን በሐላል መንገድ የተገኘ ዱቤም ዕዳ ነው። ለጓደኛ ለማሳየት ሲባል ከአቅም በላይ መውጣት ከኢስራፍ አይርቅም።

ለወጣቶቻችን አንድ ቃል

መጫወት መፈለጋችሁ የሚያስነቅፍ አይደለም። ከመጫወት ያለፈ ደግሞ መሥራት አለ። በአገራችን ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. «ኩኩሉ» የተሰኘ የሞባይል ጌም አውጥቶ በአፍሪካ ደረጃ ዕውቅና አግኝቷል። የመጫወቻው ምስል ዶሮዋና ገጠሩ የኛው ናቸው። እንዲህ ያለ ቀላል ጌም መሥራት ለመማር ርካሹ ላፕቶፕ ከበቂ በላይ ነው። ስሙን ከቅኔ የወሰደ የጌም ድርጅት ካለን፣ ከቅኔ አገር ከዲማ የጌም ሠሪ የማይወጣበት ምክንያት የለም።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። በአንዳንድ ጌሞች ውስጥ ተጫዋቹ ምን እንደሚያገኝ ሳያውቅ በገንዘብ የሚገዛቸው ሣጥኖች አሉ። ቤልጅየም በ2018 እ.ኤ.አ. እነዚህን ከቁማር ሕግ ጋር የሚጋጩ ናቸው ብላለች። በእግር ኳስ ጌሞች ውስጥ ያሉት የተጫዋቾች ፓኬቶችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ወላጆች ይህን ይወቁት፤ ወጣቱም ራሱን ይጠብቅ።

ከሁሉ በፊት ቤተሰቡ በአንድ ላይ ተቀምጦ ይመካከር። ልጅ ለምን እንደሚፈልገው ያስረዳ፤ ወላጅም ያለውን ገንዘብ ሳይደብቅ ይናገር። የጨዋታው ሰዓት ከመግዛቱ በፊት ይወሰን፤ አዛን ሲሰማና የጥናት ሰዓት ሲደርስ ላፕቶፑ እንዲዘጋ ስምምነት ይኑር። የበሬው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ አውቆ የተቀበለ ልጅ ዕቃውን እንደ አማና ይይዘዋል። እንዲህ የተያዘ ርካሽ ላፕቶፕ ከተመረቀ በኋላም ለታናሹ ይተላለፋል።

አላህ የለፋንበትን ገንዘብ በረካ ያድርግልን፤ ልጆቻችንንም ጠቃሚ ዕውቀት ከሚገበዩት ያድርግልን። አሚን።